ካሜራውን ከመሪው ላይ አንሳው

አንዱ ወንድማችን ባለ 150 ሲሲ ሞተር አለኝ፣ ጎፕሮ ካሜራ ገዝቼ መሪው ላይ አሰርኩትና ከጎሃ ጽዮን ደጀን ድረስ የአባይን በረሃ ቀረጽኩ፣ ቤት ገብቼ ሳየው ግን መንገድ ዳር ያለው የታፔላ ብረት ሁሉ እንደ ላስቲክ ይታጠፋል፣ አስፋልቱ ውሃ ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው፣ ካሜራው ፎርጅድ ነው እንዴ ወይስ ሴቲንጉን አላወቅኩበትም? ብሎ ጠይቆኛል።

ካሜራህ ምንም አልሆነም ወንድሜ። ጋራዥ እየመጡ ይሄንኑ የሚያሳዩኝ ልጆች ብዙ ናቸው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር 6000 ዙር ላይ ስትነዳው በሴኮንድ 100 ጊዜ እየዞረ ነው፣ መሪው ደግሞ ያንን ንዝረት በሙሉ ይቀበላል። ካሜራው ምስሉን ባንዴ አያነሳም፣ መስመር በመስመር ነው የሚያነበው፣ ላይኛውን ጀምሮ ታች እስኪደርስ መሪው ቦታውን ለቋል፣ ታፔላው የሚታጠፈው ለዛ ነው። ስታቢላይዘሩን (ምስሉ እንዳይናወጥ የሚያደርገውን ሴቲንግ) እስከ ጥግ ብትከፍተውም ይሄን አያድንልህም።

ለማረጋገጥ ሞተሩን ቆሞ አስነሳና በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጥ) 10 ሴኮንድ ቅረጽ፣ ቀጥሎ ነዳጅ እየሰጠህ ቅረጽ። ነዳጅ ስትሰጥ ከተጥመለመለ የሞተር ንዝረት ነው፣ ቆመህ ደህና ሆኖ መንገድ ላይ ብቻ ከዘለለ ግን ማሰሪያው ላልቷል፣ ቡሎኑን አጥብቀው።

መፍትሄው ሄልሜት ነው፣ አገጩ ላይ። አንገትህን የሚያክል አሞርዛተር የትም አታገኝም። ቦታውን በአልኮል ጠርገህ ሲደርቅ የካሜራውን ተለጣፊ መያዣ ለጥፍበት፣ ጫን አድርገህ ያዘውና 24 ሰዓት አትንካው፣ እኔ አንዴ ቸኩዬ ለጥፌ ወዲያው ወጣሁና ሱሉልታን ሳላልፍ ወድቆብኛል፣ ከዛ ወዲህ በቀጭን ገመድም አስረዋለሁ። የለም መሪው ላይ ነው የምፈልገው ካልክ አጭር ማሰሪያ ተጠቀም፣ ረጅሙ ንዝረቱን ያባብሰዋል፣ ከስሩ ያረጀ ካላማዳሪያ ቆርጠህ ጠቅልልበት፣ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ስልክህን ግን እዛ መሪ ላይ እንዳታስር አደራ፣ አፕል ራሱ በፈረንጆቹ 2021 የትልልቅ ሞተሮች ንዝረት የአይፎን ካሜራ ሊያበላሽ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል።

አንግሉን ስታስተካክል ደግሞ ሞተሩ ላይ ቁጭ ብለህ፣ እንደምትነዳው አጎንብሰህ ይሁን። ቆመህ ካስተካከልከው የአባይን በረሃ ትተህ የነዳጅ ታንከርህን ቀርጸህ ነው የምትመጣው።