ክራሩን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዱት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ደርሷል። ክራር መማር ከጀመረ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። የግማሽ ዓመት ውጤት ሲመጣ፣ አምና ከክፍሉ 5ኛ የነበረው ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ወጣ። ባለቤቴ በጣም ተናደደ። ክራሩን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለውና «ሚኒስትሪ እስኪፈተን አይነካውም» አለ። ልጁ አላለቀሰም፣ አልተጨቃጨቀም። ግን ዝም አለ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው። እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፣ ቤት የምገባው ማታ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ሙዚቃ አላውቅም። ልጁ እየተለማመደ ይሁን ዝም ብሎ እየተጫወተ መለየት እንኳ አልችልም። አንዱን ዜማ ነው ሲደጋግም የሚውለው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥራችን ያለችው ጎረቤት ሁለት ጊዜ መጥታ አንኳኩታለች። የ5 ዓመት እህቱ ደግሞ ክሩን ካልጎተትኩ ብላ ታለቅሳለች። ባለቤቴን ተሳስተሃል ልበለው? ወይስ እስከ ሰኔ ዝም ልበል?
እናት፣ ከሰሚት

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ልበልሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ «ግን ዝም አለ» የምትለው ቦታ ላይ ቆምኩ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ።

እኔም 8ኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ክራሬን በጆንያ ጠቅልሎ ኮርኒስ ውስጥ ከተተብኝ። «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ነበር ያለኝ። ፈተናውን አለፍኩ። ግን ያንን ዓመት መጽሐፍ ይዤ ኮርኒሱን እያየሁ ነው የከረምኩት። ክረምት ላይ ሲወርድልኝ ቆዳውን አይጥ በልቶታል። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁ በሰው ፊት እንዳትናቅ የፈራ ሰው ነበር። ይህን የተረዳሁት ግን ራሴ ልጆች ካሳደግኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ባለቤትሽን «ተሳስተሃል» ብለሽ አትጀምሪ። ምን እንደፈራ ጠይቂው። የፈራው ፈተናውን ነው? ልጁ ሙዚቀኛ ልሁን እንዳይል ነው? ወይስ ሰው ምን ይላል ብሎ ነው? ሦስቱም የየራሳቸው መልስ አላቸው።

ፈተናው ከሆነ፣ ካርዱን አብራችሁ ተቀመጡና ትምህርት በትምህርት እዩት። 12ኛ መውጣቱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የወረደው ሒሳብ ብቻ ነው? እንግሊዝኛ ነው? ሁሉም በአንድ ላይ ነው? አንድ ትምህርት ብቻ ከሆነ የክራሩ ጥፋት አይመስለኝም፤ የዚያ ትምህርት ችግር ነው፣ መፍትሔውም እዚያው ነው ያለው። ከዚያ ደግሞ ይህን ጠይቂ፦ በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ክራር ይመታበት በነበረው ሰዓት ልጁ ምን ሠራ? ክራር ማስተማር ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። ክራራቸው የተሰቀለባቸው ልጆች ብዙ አይቻለሁ። ያቺ ግማሽ ሰዓት ወደ መጽሐፍ ስትሄድ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሄደችው ወደ ስልክ ነው።

ስለ ነገው ከፈራ ደግሞ ስለ በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ ንገሪው። በገናን በ12 ዓመቱ ከጎረቤቱ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል መማር ጀመረ። በገናውን አልተወም፣ ትምህርቱንም አልተወም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አጥንቷል፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም በገና አስተምሯል። ልጃችሁ እንደሱ ይሁን ማለቴ አይደለም። አንድ ልጅ ሁለቱንም ይዞ ማደግ እንደሚችል ባለቤትሽ እንዲያይ ነው።

እኔን ብትጠይቂኝ ክራሩ ዛሬ ማታ ይውረድ። ግን አባቱ ራሱ ያውርደው። አንቺ ብታወርጂው ልጁ እናቴ አሸነፈች ይላል፣ ቤታችሁም ለሁለት ይከፈላል። አባቱ በእጁ አውርዶ «በእነዚህ ሰዓቶች ትለማመዳለህ፣ በእነዚህ ታጠናለህ» ቢለው ያ ቃል ይጸናል።

ሰዓቱን እንዲህ አድርጉት። ከትምህርት ቤት ገብቶ መክሰሱን ከበላ በኋላ፣ የቤት ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ 20 ደቂቃ። ከቤት ሥራ በኋላ አይሁን። ያን ጊዜ ይደክማል፣ ጣቱም ጆሮውም አይታዘዝም፣ ደግሞም ክራር ለመምታት ሲል የቤት ሥራውን ያጣድፈዋል። በሳምንት ስድስት ቀን 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ቅዳሜ ብቻ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ከሚመታ ልጅ ይልቅ በየቀኑ ትንሽ የሚመታው ነው የሚያድገው። ግንቦት ሲገባ ወደ 10 ደቂቃ አውርዱት፣ አዲስ ዜማም አይጀምር፤ የሚያውቀውን ብቻ ይያዝ። አስተማሪውንም በ15 ቀን አንዴ እንዲያገኘው ለምኚው። እኔ ለሚኒስትሪ ተማሪዎቼ የማደርገው ይህንኑ ነው። አሳጥሩት እንጂ አታቋርጡት። አራት ወር ያቋረጠ ልጅ ሲመለስ የጣቱ ጫፍ ለስልሶ ይቆየዋል፣ እንደገና ያመዋል። የሚያውቀውን ዜማ ሲያጣው ደግሞ ያፍራል። ብዙዎች የሚቀሩት በሚያፍሩበት ሳምንት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። ክራሩን መቅጫ አታድርጉት። ሳህን ካላጠበ፣ እህቱን ከመታ፣ ውጤት ከቀነሰ ሌላ ቅጣት ፈልጉ። መሸለሚያም አታድርጉት። እንደ ራት የቤቱ ሥርዓት አካል ይሁን።

አሁን «ሙዚቃ አላውቅም» ወዳልሽው ልምጣ። እናቴም አታውቅም ነበር። ምስር እየለቀመች ትሰማኝ ነበር፣ አንዳንዴ «እዚያ ጋ እንደ ትናንቱ አይደለም» ትለኛለች። ትክክል ነበረች። የሚያስፈልግሽ ጆሮ ብቻ ነው።

ዜማውን ሲደጋግም ልብ ብለሽ አድምጪ። አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል። ከዚያ ምን ያደርጋል? ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ይጀምራል? ብዙ ልጆች እንዲህ ናቸው። መጀመሪያውን መቶ ጊዜ ስለመቱት እንደ ውሃ ይፈስላቸዋል፣ መሃሉ ግን ሁሌም እንደተሰበረ ነው። ይህ መጫወት ነው፣ ልምምድ አይደለም። የተሰናከለባትን ቦታ ብቻ ነጥሎ፣ ቀስ አድርጎ አምስት ስድስት ጊዜ ሲመታ ከሰማሽ ግን እየተለማመደ ነው። ስለዚህ ልጅሽን «ከዚያች ከምታስቸግርህ ቦታ ጀምርልኝ» በይው። ይህን ለማለት ሙዚቃ መማር አያሻም።

ሁለተኛው ቅኝቱ ነው። ሦስት ሳምንት የተሰቀለ ክራር ሲወርድ ቅኝቱ ጠፍቶ ነው የሚገኘው። ክራር ቆዳና እንጨት ነው፤ ብርድም ሙቀትም እርጥበትም ይለውጠዋል። ልጁ ይህን ካልተረዳ ዜማው አስቀያሚ ሆኖ ሲሰማው «ረስቼዋለሁ» ብሎ ያዝናል። የመጀመሪያው ቀን ለመቃኘት ብቻ ይሁን። በስልክ የሚሠራ መቃኛ መተግበሪያ አለ፣ በነጻ ይገኛል። በስድስት ክር ክራር ላይ የተለመደው የትዝታ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ስድስተኛው ክር ከላይ ያለው ዶ ነው። አንቺም መፈተሽ ትችያለሽ። ዝቅተኛውን ዶና ከፍተኛውን ዶ አንድ ላይ ይምታልሽ። አባትና ትንሽ ልጅ አንድ ቃል እኩል ሲናገሩ እንደሚሰማው መሆን አለበት፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ ቃሉ ግን አንድ። ከተጣሉ ክራሩ አልተቃኘም። ደግሞ ከትዝታ ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺ ሆዬ ሲሻገር የተወሰኑ ክሮችን እንደገና ማስተካከል አለበት። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ሙሉ መቃኛውን ሲያዞር ብታዪው ጊዜ እያባከነ ነው አትበይ። ከሁሉ የሚከብደውን ሥራ እየሠራ ነው። ሳይቃኝ የሚመታ ልጅ ጆሮው ይበላሻል።

አንቺ 1 ሰዓት ስለምትገቢ ልምምዱ አያገኝሽም። ራት ስትሠሪ ግን አምስት ደቂቃ ወጥ ቤቱ በር ላይ ይቀመጥና ዛሬ የሠራትን ያሰማሽ። ሽንኩርቱን እየከተፍሽ ስሚው። ሲጨርስ «ጎበዝ» ብለሽ አታልፊው፤ የሰማሽውን ንገሪው። «ትናንት የተሰናከልክባት ቦታ ዛሬ ሄደችልህ» የሚል ቃል አንድ ሳምንት ያስሄደዋል። ባለቤትሽም እዚያው ሳሎን ይሰማል። ምንም እንዲል አታስገድጂው፣ መስማቱ በቂ ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን «እስኪ ተጫወትላቸው» አትበሉት። ራሱ ካልፈለገ በቀር እባካችሁ ተዉት። 13 ዓመት ሰው ፊት መቆም የሚያስጨንቅበት ዕድሜ ነው። በአንድ የልደት ቀን በግድ ተጫውቶ፣ ዘመድ ስቆበት፣ ከዚያ በኋላ ክራር ያልነካ ተማሪ ነበረኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሥር ጎረቤታችሁ ነገር ቀላል ነው። ቡና አፍልተሽ ጥሪያት፣ ልጁም አብሮ ይቀመጥ። ሰዓቱን ራሱ ይንገራት፦ «ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ነው የምለማመደው፣ ልጅሽ ከተኛ ንገሪኝ»። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ለ20 ደቂቃ የሚቆጣ ሰው ብዙ የለም፤ ሰውን የሚያናድደው ማታ 4 ሰዓት ላይ ሲሆን ነው። ድምጹን መቀነስ ካስፈለገ ቀጭን ስፖንጅ ከክሮቹ ሥር፣ ክሮቹ በቆዳው ላይ ከሚያርፉበት አጠገብ ያስገባ። ድምጹ ይታፈናል፣ ጣቱ ግን ሥራውን ይሠራል።

ታናሽ እህቱ ሁለት ደቂቃ የራሷ ይኑራት። እሱ ክራሩን ይዞላት አንዷን ክር ብቻ ትምታ። ሲያስተምራት እሱም ይማራል።

ዐቢይ ጾምም እየመጣ ነው። በጾም ዘፈን የማይሰማበት ቤት ከሆነ ያንን ምክንያት አድርጋችሁ ክራሩን መልሳችሁ እንዳትሰቅሉት። ጾሙ 55 ቀን ነው፣ ረጅም ነው። የእኔ ተማሪዎች በጾም ዘፈኑን ይተዋሉ። መቃኘትና የጣት ልምምድ ግን አይተዉም፤ የጣት ልምምድ ዘፈን አይደለም። ብዙዎቹ ለፋሲካ የሚመጡት ጣታቸው ፈጥኖ ነው።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ። እናቷ ዱባይ ነው የምትሠራው። ልጅቷ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በገና ሰምታ ቤት ስትገባ በወንፊት ላይ ክር ወጥራ መምታት ጀመረች። እናቷ ኦርጋን ገዝቼ ልላክ ትላለች። እኔ ደግሞ እዚህ ትንሽ ክራር ልገዛላት አስቤያለሁ። ዕድሜዋ ደርሷል? የትኛውስ ይሻላታል?
አያት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አባቴ፣ በወንፊት ላይ ክር የወጠረች ልጅ ዕድሜዋ ደርሷል። ክራሩን ይግዙላት። በክንዷ አቅፋ የምትይዘው፣ ጣቶቿ ሳይንጠራሩ ክሮቹ ላይ የሚደርሱ ይሁን። ክሩ ናይለን ይሁን፤ የብረቱ ለትንሽ ጣት ያማል። ከመግዛትዎ በፊት ግን የሚያስተምራትን ሰው ያግኙ። ክራሩንም እሱ መርጦ ይቃኝላት። በገናው ትልቅ ነው፣ ስትረዝም ይደርስባታል። ኦርጋኑም መጥፎ አይደለም፣ ግን ይቆይ። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነቱ የጀመረው በክራር ነው። ከፒያኖ ጋር የተገናኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። በክራር የሠለጠነ ጆሮ የትም ቢሄድ ያገለግላታል።

ለዚህ ዕድሜ በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። እርስዎ አጠገቧ ይቀመጡ እንጂ አያርሟት፤ እርማቱ የአስተማሪው ነው። ስትሰለች ያቁሙ፣ ነገ ትቀጥላለች።

ለእናቷ ደግሞ የኦርጋኑን ገንዘብ ለአስተማሪው ክፍያ እንድታደርገው ይንገሯት። በየእሑዱም የልጅቷን ሥራ ቀድተው ይላኩላት። ስልኩን ክራሩ ሥር አያስጠጉት፣ ድምጹ ይሰነጠቃል። አንድ ክንድ ያህል አርቀው መከዳ ላይ ያስቀምጡት። መጀመሪያ ልጅቷ ቀኑን ትናገር፣ «እማዬ፣ ዛሬ እሑድ ነው» ትበል፣ ከዚያ ትምታ። ብትሳሳትም ሌላ አይቅዱ፣ ያንኑ ይላኩላት።