የዋጋውን ክርክር ተወው

ወንድሜ፣ «ቢሮ ውስጥ ሰዎችን ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ፣ ከማይክሮሶፍት ኦፊስ ወደ ሊብሬኦፊስ ላምጣ ብል ‹ዊንዶውሱ ያለ ክፍያ ተጭኖልናል፣ ምን ጎደለብን?› ይሉኛል፤ በምን ላሳምናቸው?» ብለህ ጠይቀሃል። አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ስጠግን ይህንኑ መልስ ስሰማ ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርህ።

የዋጋውን ነገር ተወው። እዚህ ከተማ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ፈቃድ የሚሠራ፣ ዊንዶውስ ፎርማት ከማስደረጊያው ሂሳብ ጋር አብሮ ይመጣል። «ገንዘብ ታተርፋለህ» ብትለው ማን ይሰማሃል? የሚቀርህ መርሁ ነው፤ ማሽኑም ፋይሉም በባለቤቱ እጅ ይሁን የሚለው። ሰዉ መርህ አይገባውም የሚሉትን እኔ አልቀበልም፤ የራሱን ጉዳይ ካየበት በደንብ ይገባዋል።

እኔ የማነሳላቸው የድሮዎቹን የአማርኛ ፋይሎች ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለእያንዳንዱ ፊደል በሚጠቀሙበት የጋራ የቁጥር ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ እንዲያውም ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ሆሄያቱን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እንደፈለገው ይደረድር ነበር። አንዲት እናት የሞቱት ባለቤታቸው የጻፉትን የቤተሰብ ታሪክ በፍላሽ ይዘው መጡ። ስንከፍተው ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት። ፎንቱ ከአንድ ጽሕፈት ቤት አሮጌ ማሽን ላይ ተፈልጎ እስኪመጣ ድረስ እሳቸው ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም። ይህን ስነግራቸው የቢሮ ሰዎች ወዲያው የራሳቸውን መዝገብ ያስባሉ። የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ ጀማሪው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ግኑ የተባለውን ነፃ ሲስተም ሊሠራ መሆኑን ሲያውጅ የተነሳበትን ጉዳይ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዘው ማን ነው የሚለውን፣ ያኔ ብትነግራቸው ያደምጡሃል።

ሌላው ማካፈል ነው። እኛ ፕሮግራም ለጓደኛ በፍላሽ መስጠት ልማዳችን ነው። እንደ ሊኑክስና ሊብሬኦፊስ ባለ ነፃ ሶፍትዌር ግን ፈቃዱ ራሱ ገልብጠህ ስጥ፣ ውስጡን አጥና፣ አሻሽለህም አከፋፍል ይልሃል። ሰው ተደብቆ የሚያደርገውን በግልጽ ማድረግ መቻሉ ክብር አለው፤ ይህን ሳትሸማቀቅ ንገራቸው።

«ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይሠራል» ብለህ ግን አትዋሽ። በዊንዶውስ ላይ በሚሄደው የሂሳብ ፕሮግራም በፒችትሪ የሚሠራውን ሂሳብ ሠራተኛ ለጊዜው አትንካው። ሊብሬኦፊስን አሁን ባለው ዊንዶውስ ላይ ጫን፤ አዲስ ሰነድ በሊብሬኦፊስ የፋይል ዓይነት በኦዲቲ (.odt) ይቀመጥ፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነ ፎርማት ነው። ለአማርኛ ጽሑፍ ኪይማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራምና አቢሲኒካ ፎንት አሉልህ፤ ሁለቱም በነፃ ፈቃድ የወጡ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ስትጽፍ ከምትውለው ጸሐፊ ጀምር። እሷ ከለመደችው አለቃው ይከተላል።

ሊኑክሱ ቀጥሎ ይመጣል። የፕሪንተራችሁን ሞዴል ጻፍልኝና ድራይቨር እንዳለው አይቼ እነግርሃለሁ።