ደብረ ብርሃን ላይ ኤሌክትሪክ መኪና፦ ኮሮላህን ከመሸጥህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ደብረ ብርሃን ትኖራለህ። አሮጌ ኮሮላ አለችህ። ጓደኞችህ «የነዳጅ መኪና ሊቀር ነው፣ ዋጋዋ ሳይወርድ ሽጠህ ኤሌክትሪክ ግዛ» እያሉ ወጥረው ይዘውሃል። ለመሆኑ ነዳጅ ራሱ ከነጭራሹ ይቀራል ወይ ብለህም ጠይቀሃል። እኔ 11 ዓመት በናፍጣ ሚኒባስ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ሠርቻለሁ። ኤሌክትሪክ መንዳት ከጀመርኩ ደግሞ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ፍርሃቱን ላንሳልህ። በ2016 ጥር የተነገረው ክልከላ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ነው። እጅህ ላይ ያለችውን መኪና የከለከለ የለም። አዲስ ስለማይገባ፣ እኔ ባየሁት፣ የነባሮቹ ዋጋ አልወረደም። «ዛሬ ካልሸጥክ ነገ ቁራጭ ብረት ናት» የሚልህን አትስማው። ተረጋግተህ አስብ።

እኔን ያስለወጠኝ የነዳጅ ዋጋ ብቻ አይደለም። ዋጋውማ ታውቀዋለህ። በ2014 መጀመሪያ ቤንዚን በሊትር ከ32 ብር በታች ነበር፣ በ2017 ደግሞ ከ100 ብር አለፈ። የተጣራ ነዳጅ ሁሉ የሚመጣልን ከውጭ፣ በዶላር፣ በጅቡቲ በኩል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ደግሞ መጨመሩ የማይቀር ነበር። እኔን የሰበረኝ ግን ወረፋው ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ፣ ጋቢ ተከናንቤ ማደያ በር ላይ እሰለፋለሁ። ረፋድ ላይ «አልቋል» ይሉናል። አንድ ቀን ቸኮልኩና በሃይላንድ የሚሸጠውን ናፍጣ ቀዳሁ። ውሃ ነበረበት። ፓምፑም ኖዝሉም ተበላሸ። የሦስት ወር ሥራዬን ጋራዥ በላው።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። ለእኛ አካባቢ ሰው ትልቁ ነገር ዳገትና ቁልቁለት ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። እዚያ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ ያህል ያጣል። ሚኒባሴ ከሸዋ ሮቢት ሰው ሞልታ ስትወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ነበር። ስንት ጊዜ ፈልታብኝ ደብረ ሲና ላይ ውሃ ጨምሬያለሁ! የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ዳገቱን በዝምታ ነው የሚወጣው።

የእኔ ባትሪ ሲሞላ የሚይዘው ኃይል 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከሮቢት ጣርማበር ዋሻ ድረስ ስወጣ ከሙሉ ባትሪው 27 በመቶ ያህል ይበላል። ለአጭር መንገድ ብዙ ነው። ቁልቁል ስትወርድ ግን እግርህን ከመርገጫው ስታነሳ ሞተሩ ራሱ ጀነሬተር ይሆንና መኪናውን እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ከዋሻው ወጥቼ፣ ጉሙን አልፌ፣ ሮቢት ሙቀቱ ጋ ስደርስ ቁጥሩ 6 ወይም 7 በመቶ ጨምሮ አገኘዋለሁ። ከደብረ ብርሃን ሮቢት ደርሶ መልስ በግማሽ ባትሪ እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ አደራ የምልህ ነገር አለ። አንድ ጊዜ ደብረ ሲና ዘመድ ቤት አደርኩና ሌሊቱን መቶ በመቶ ሞላሁት። ጠዋት ቁልቁል ስወርድ መኪናው እንደ ወትሮው አልያዝ አለኝ። ለካ ባትሪው ሲሞላ የሚጨምርበት ቦታ የለውም፣ ስለዚህ መያዙን ይተዋል። እንደ ናፍጣ መኪና ማርሽ ቀንሰህ በሞተር ልያዝ ብትል ደግሞ ማርሽ የለም። ፍሬን ብቻ ቀረልኝ። ልጆቼ ከኋላ ነበሩ። የፍሬን ሸራው ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ። ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ግማሽ ሰዓት አቀዘቀዝኩት። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ካለብኝ ከ80 በመቶ በላይ አልሞላም። አንተም እንዲሁ አድርግ።

ሌላው ብርዱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ባትሪው ቀዝቅዞ ያድራል። ጠዋት የሚሄድልህ ኪሎሜትር ይቀንሳል፣ ቻርጅ ማድረጉም ይዘገያል። ግን ናፍጣ መኪና በዚያ ብርድ አልነሳ ሲል ስንገፋ የነበረውን ሳስታውስ ይሄ አያስከፋኝም።

ዋናው ጉዳይ ቤትህ ነው። ሰው ሁሉ የመኪናውን ዓይነት ይጠይቃል፣ ሌሊት የት እንደሚሰካው አይጠይቅም። የመጀመሪያውን ወር ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ተራ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ሽቦው ቀጭን፣ ሶኬቱም የቆየ ነበር። ሌሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ወጥቼ ባየው ሶኬቱ ቀልጦ ተንጠልጥሏል። አከራዬ እማማ በነጠላ ተጠቅልለው ወጥተው «ልጄ፣ ቤቴን ልታነደው ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በማግስቱ ኤሌክትሪሻን ጠራሁ። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር፣ ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ምድር ሽቦ አስገባሁ። ወጪው ያስቆጫል፣ ግን ግድ ነው። በተራ ሶኬት በ10 ሰዓት የምታገኘው 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ የባትሪዬ ሲሶ ማለት ነው። በ7 ኪሎዋት ቻርጀር ግን ማታ ሰክተህ ጠዋት ሙሉ ታገኘዋለህ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሁሉም ይቆማል። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ኃይሉ አለ። የሰፈርህ ትራንስፎርመር ከፈነዳ ግን አንተ ዘንድ አይደርስም።

ጥገናውንም ልንገርህ። የሞተር ዘይት ቅያሪ የለም፣ የዘይት ፊልትሮ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም። እሱ ትልቅ እፎይታ ነው። ሲበላሽ ግን እኛ ከተማ የሚከፍተው አላገኘሁም። አንድ ጊዜ የባትሪ ማቀዝቀዣው የማስጠንቀቂያ መብራት በራብኝ። በመኪና አስጭኜ አዲስ አበባ ወሰድኩት። ዕቃ እስኪመጣ 19 ቀን ቆመ። ኮሮላህን ግን ጠባሴም ሆነ ሸኖ የትኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራታል።

ነዳጅ ይቀራል ወይ ላልከው፣ የእኔ እምነት በእኛ ዕድሜ አይቀርም የሚል ነው። ዓለም በቀን ወደ 100 ሚሊዮን በርሜል ይጠቀማል። የቤት መኪና የሚወስደው ከዚያ ውስጥ ሩብ ያህሉን ነው። ሌላው የከባድ መኪና፣ የመርከብ፣ የአውሮፕላን፣ የፕላስቲክና የአስፋልት ነው። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። ስታጣራው ቤንዚኑም ናፍጣውም አስፋልቱም አብረው ይወጣሉ፣ አንዱን ብቻ ልውሰድ ማለት አይቻልም። ኖርዌይን እይ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡ 10 አዲስ መኪኖች ዘጠኙ ያህል ኤሌክትሪክ ናቸው። ያም ሆኖ ነዳጅ አውጥታ ለዓለም መሸጧን አላቆመችም። የእኛም መንግሥት የቤንዚን አውቶሞቢል ይከለክላል፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ደግሞ የካሉብን ጋዝ አስመርቆ ጎዴ ላይ ለሚሠራ ማጣሪያ የመሠረት ድንጋይ አስቀምጧል። የመንዝ ገበሬ ማዳበሪያ የሚደርሰው በናፍጣ መኪና ነው። የሞጃ ትራክተርም በናፍጣ ነው የሚያርሰው። እነዚህን የሚተካ ነገር እኔ በምሄድበት መንገድ ላይ ገና አላየሁም። የቤት መኪና ግን መለወጡ አይቀርም፣ ደግሞም ይለወጥ። በማደያ በር የሚባክነው የሰው ሌሊት ያሳዝነኛል።

ስለዚህ የራስህ ግቢና የራስህ ቆጣሪ ካለህ፣ የምትመላለሰውም ደብረ ብርሃን ውስጥና አዲስ አበባ ከሆነ፣ ግዛ። 130 ኪሎሜትሩን እኔ በ40 በመቶ ባትሪ እጨርሰዋለሁ። ተከራይ ከሆንክ መጀመሪያ አከራይህን አነጋግር። «ለበዓል መሐል ሜዳ ቤተሰብ ጋ እሄዳለሁ» ያልከው ግን ያሳስበኛል። ባትሪው ከሥር ነው ያለው፣ የመንዝ ድንጋይ ደግሞ አይምርም። እዚያ የሚሰካበት ቦታ እስካላገኘህ ኮሮላዋን አትሽጣት።

የቆጣሪህንና የብሬከርህን ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልኝ። ቤቱ የኪራይ ነው ወይስ የራስህ? እሱን ከነገርከኝ ስለ ሽቦው በደንብ እንነጋገራለን።