ኩባንያው ከሥራው ሲወጣ፦ ለወጣት የአውቶሜሽን ባለሙያዎች

ውድ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

የፋብሪካ መቆጣጠሪያ መሣሪያ የምትሸጡም ሆነ የምትጠግኑ፣ የምትወክሉት ኩባንያ አንድ ቀን «ይህን ሥራ ለሌላ አስተላልፈናል» የሚል ደብዳቤ ሊልክላችሁ ይችላል። በዚያ ሰዓት ስለ ራስ እንጀራ ማሰብ አያስነቅፍም፤ ነገር ግን በደንበኛው ፓነል ውስጥ ተገጥሞ ገና አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ለሚሠራው ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽኖችን በተጻፈለት ፕሮግራም የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) ከነገ ጀምሮ ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን እንደሆነ አብራችሁ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።

ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1991 ማእከሉን በቴነሲ፣ ጆንሰን ሲቲ ያደረገውን የኢንዱስትሪ መቆጣጠሪያ ሥራውን ለሲመንስ ሲሸጥ፣ 505 የሚባለው የፒኤልሲ መስመር ሲማቲክ በተባለው የሲመንስ የንግድ ስም ገበያ ላይ ቆየ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ይሸጠው የነበረው የትንሹ ፒኤልሲ፣ የ305፣ ጉዳይ ግን የበለጠ ያስተምራል። መሣሪያውን የሚያመርተው የጃፓኑ ኮዮ ነበር፤ ያው መሣሪያ በጄኔራል ኤሌክትሪክ በኩልም «ሲሪስ ዋን» ተብሎ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ስማቸው የተጻፈው ድርጅቶች ፊታቸውን ቢያዞሩም አምራቹ ስላልጠፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተቋቋመው ፒኤልሲ ዳይሬክት፣ የዛሬው አውቶሜሽን ዳይሬክት፣ ከነባሩ 305 ጋር የሚገጥሙ የኮዮ ምርቶችን ማቅረብ ችሏል። ማን እንደሚሸጥ ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚያመርት የሚያውቅ ሻጭ ለደንበኛው መውጫ መንገድ ያገኝለታል።

ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ2018 ፒኤልሲ የሚሠራውን የኢንተለጀንት ፕላትፎርምስ ክፍሉን ለኤመርሰን ለመሸጥ ሲስማማ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ፒኤልሲዎቹና ፕሮግራም መጻፊያው ወደ ኤመርሰን ሲሄዱ፣ አይፊክስ የተባለው የኦፕሬተር ስክሪን ሶፍትዌር ጄኔራል ኤሌክትሪክ ዘንድ ቀረ፤ በአንድ መስመር ላይ ሁለቱንም የሚጠቀም ፋብሪካ ከዚያ በኋላ ሁለት በር ማንኳኳት ነበረበት። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ የተሸጠውን ብቻ ሳይሆን ያልተሸጠውንም ለይታችሁ አንብቡ።

በሽያጩ ድርድር ውስጥ ድምፅ ካላችሁ፣ ሶርስ ኮዱ (ሶፍትዌሩ የተጻፈበት ዋናው ጽሑፍ)፣ በፒኤልሲው ላይ የሚሰኩት ካርዶች ንድፍ፣ የመፈተሻ መሣሪያዎቹና የጥገና ክፍሉ አብረው መተላለፋቸውን በውሉ አስጽፉ። ከሁሉም በላይ ፈርምዌሩን፣ ማለትም በመሣሪያው ውስጥ የተቀመጠውን ሶፍትዌር፣ የጻፉት ሰዎች አብረው ይሂዱ። የንግድ ስምና የደንበኞች ዝርዝር ብቻ የሚረከብ ገዢ፣ በእኔ አስተያየት፣ የገዛው ወረቀት ነው፤ የሚጎዳው ግን ድርድሩ ላይ ያልተቀመጠው ደንበኛ ነው።

የአዲስ ምርት ዋጋ ማቅረቢያ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ፓነሉን ክፈቱ። በብዙ አሮጌ ፒኤልሲዎች ፕሮግራሙ የሚቀመጠው በትንሽ ሊቲየም ባትሪ በሚጠበቅ ሜሞሪ ላይ ነው፤ ባትሪው ደክሞ ሳለ መብራት ከጠፋ ፕሮግራሙ አብሮ ይጠፋል። ባትሪውን ኃይል ሳይቋረጥ ቀይሩ፤ ፕሮግራሙን ገልብጣችሁ አንዱን ቅጂ ለደንበኛው አስረክቡ፤ ፕሮግራም ማንበቢያው ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ብቻ የሚሠራ ከሆነም ያንን ኮምፒውተርና ኬብሉን አታስጥሉ። ደንበኛውን አስፈራርቶ አዲስ ማስገዛት ቀላል ነው፤ አታድርጉት። መሣሪያው ስንት ዓመት ሊያገለግለው እንደሚችል በእውነት ንገሩት።

ምርቱ ሊቋረጥ ሆኖ የመጨረሻው የትእዛዝ ቀን ሲታወጅ፣ በተለይ መለዋወጫ ለማስገባት ወራት ወረፋ በሚጠበቅበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር፣ ደንበኛው ምን ያህል ገዝቶ ማስቀመጥ እንዳለበት አብራችሁ አስሉለት። ለመሣሪያው ኤሌክትሪክ ከሚመግበው ክፍል፣ ከፓወር ሰፕላይ፣ ጀምሩ፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው እሱ ነው። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) መደርደሪያ ላይ ተቀምጠውም ስለሚያረጁ፣ መጋዘን የገባውን በየጊዜው ኃይል ሰጥቶ የሚፈትሽ ሰው እንዲመድብ ንገሩት።