ኮሳይን ወይስ ሳይን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቬክተርን (መጠንም አቅጣጫም ያለውን፣ እንደ ኃይል በቀስት የሚሳለውን) ወደ አግድምና ሽቅብ ክፍሎቹ ስከፍል «አግድሙ ኮሳይን፣ ሽቅቡ ሳይን» ብዬ በቃሌ ይዣለሁ። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠው ይወጣሉ። በፓይታጎረስ (የሁለቱ ክፍሎች የካሬ ድምር ከቬክተሩ ካሬ ጋር እኩል ነው በሚለው) ሳረጋግጠው ግን ልክ ነው። የምሳሳተው የት ላይ ነው?

መልስ፦ በቃልህ የያዝከው የሚሠራው ማዕዘኑ ከአግድሙ መስመር ተነስቶ ሲለካ ብቻ ነው። ጥያቄው «ገመዱ ከግድግዳው ጋር 30 ዲግሪ ይሠራል» ካለ ማዕዘኑ የተለካው ከቋሚው መስመር ስለሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ማዕዘኑ የት እንደተቀመጠ እይ። ከቬክተሩ ጋር ሆኖ ማዕዘኑን የሚሠራው ጎን ምንጊዜም ኮሳይን ነው፤ ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ጎን ደግሞ ሳይን።

50 ኒውተን ኃይል ከአግድሙ 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ ቢስብ፣ አግድሙ 50 × 0.866 = 43.3 ኒውተን፣ ሽቅቡ 50 × 0.5 = 25 ኒውተን ነው። ያው 30 ዲግሪ ከቋሚው ከተለካ ግን አግድሙ 25፣ ሽቅቡ 43.3 ይሆናል። ፓይታጎረስ ስህተትህን ያልያዘልህም ለዚህ ነው፤ ሁለቱን ቁጥሮች ብታለዋውጣቸውም የካሬያቸው ድምር ያው 2500 ገደማ ነው። ካልኩሌተርህ በዲግሪ ፈንታ ራዲያን (ሌላው የማዕዘን መለኪያ) ላይ ቢሆን እንኳ አይይዝልህም። የ30 ራዲያን ኮሳይን 0.154፣ ሳይኑ −0.988 ስለሆነ 7.7 እና −49.4 ይወጣሉ፤ የእነዚህም የካሬ ድምር እዚያው 2500 አካባቢ ነው! ሥራ ከመጀመርህ በፊት የ30ን ሳይን አውጣ፤ 0.5 ካልሆነ ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ አይደለም።

የሚታመነው ማረጋገጫ ሥዕል ነው። 1 ሳንቲ ሜትርን ለ10 ኒውተን አድርገህ በማስመሪያና በፕሮትራክተር ቀስቱን ሳለው፣ ከጫፉም ወደ አግድሙ መስመር ቀጥ አድርገህ አውርድ። ቀስቱ ወደ መሬት ያዘነበለ ከሆነ አግድሙ መብለጥ አለበት፤ ቀና ያለ ከሆነ ሽቅቡ። የሰዓት እጥረት ባለበት ፈተና ላይ እንኳ በእጅ የተሞነጨረ ሥዕል ይበቃል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተዳፋት ላይ ያለ ዕቃ ቁልቁል የሚሳበው ለምን በሳይን ሆነ? ማዕዘኑ እኮ ከአግድሙ ነው የተለካው።

መልስ፦ እዚህ ክብደቱን የምንከፍለው ወደ አግድምና ሽቅብ ሳይሆን፣ በተዳፋቱ አቅጣጫና ለተዳፋቱ ቀጥ ብሎ በቆመው መስመር ላይ ነው። የተዳፋቱ ማዕዘን በክብደቱ ቀስትና በዚህ በቆመው መስመር መካከል ተመልሶ ይገኛል፤ ስለዚህ ኮሳይኑ የእሱ ነው። 10 ኪሎ ግራም ዕቃ (98 ኒውተን) በ20 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ቢቀመጥ፣ ቁልቁል የሚስበው 33.5፣ ተዳፋቱን የሚጫነው 92.1 ኒውተን ነው። ከተጠራጠርክ ማዕዘኑን ዜሮ አድርገው፦ ሜዳ ላይ ቁልቁል የሚስብ ኃይል የለም፣ የዜሮ ሳይንም ዜሮ ነው። ከከፈልክ በኋላ የ98ቱን ቀስት ከሥዕሉ ላይ ሰርዘው። ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚያጣው እሱንም ክፍሎቹንም አንድ ላይ ደምሮ ነው።

ጥያቄ፦ አግድሙ −30፣ ሽቅቡ 40 ሲሆን የቬክተሩን ማዕዘን በተገላቢጦሽ ታንጀንት (ሽቅቡ ለአግድሙ ተካፍሎ ከወጣው ቁጥር ማዕዘኑን በሚሰጠው) ሳወጣ ካልኩሌተሩ ለምን −53.1 ዲግሪ ይላል?

መልስ፦ ካልኩሌተሩ የሚያየው 40 ለ−30 ተካፍሎ የወጣውን ብቻ ነው፤ −40 ለ30 ቢካፈልም ያው ነው። አግድሙ ነጋቲቭ ሲሆን 180 ደምር፦ 126.9 ዲግሪ።