ስለ ሎሽን ለጠየቁን እህት፦ አስቀድመው ተረከዛቸውን ይመልከቱ

ውድ እህቴ፣ እናትዎ ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ከገቡ አንድ ወር እንደሆናቸው፣ ቆዳቸውም ደርቆ እንደሚያሳክካቸው ገልጸው የትኛው ሎሽን እንደሚሻል ጠይቀዋል። ሽታ የሌለው ወፍራም ቅባት፣ ቫዝሊንም ቢሆን፣ ከታጠቡ በኋላ ገላቸው ሳይደርቅ ቢቀቡት ይበቃል። የእኔን እናት ስምንት ወር ያሠቃያት ግን ድርቀት ሳይሆን መኝታ ያመጣው ቁስል ነበር፤ እርስዎም ሳይደርስብዎ ይወቁት።

1ኛ. በሄዱ ቁጥር ካልሲያቸውን አውልቀው ተረከዛቸውን፣ በጎናቸው አስተኝተውም ከወገባቸው በታች ያለውን አጥንት ይዩ። እናቶቻችን ገላቸውን ለልጅ ማሳየት ያፍራሉ፤ ሲጠየቁም መልሳቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። እኔም ክብሯን የጠበቅሁላት መስሎኝ ሦስት ሳምንት ሳላይ ቀረሁ።

2ኛ. እስኪቀላ አይጠብቁ። የዚህ ቁስል የመጀመሪያ ምልክት ሲጫኑት የማይጠፋ መቅላት ነው ይባላል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። የእናቴ ተረከዝ ከዙሪያው ጠቆር ያለ፣ ሲነኩት የሚሞቅና ጠጠር ያለ ነበር። ነርሷን ብጠራት በሩ ላይ እንደቆመች አይታ «አልቀላም፣ ምንም የለም» ብላኝ ሄደች። እኔም አምኛት፣ ደሙ እንዲዘዋወር ብዬ ማታ ማታ በቅባት አሸሁት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ከሥር የተጎዳን ሥጋ ማሸት ጉዳቱን ያባብሰዋልና። በአሥር ቀን ውስጥ ቆዳው ተከፈተ።

3ኛ. ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከባታቸው ሥር ትራስ ያድርጉላቸው፤ መሐሉ ክፍት የሆነውን ክብ ትራስ ግን አይግዙ፣ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ይጫናልና። በየስንት ሰዓቱ እንደሚያገላብጧቸውም ይጠይቁ። እኔ ይህን ስጠይቅ ኃላፊዋ ንግግሬን አቋርጣ «በዚህ ዕድሜ ያለ ነው» አለችኝ። ነገር ግን ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች የሚቀበል ተቋም፣ የሰውየው የጤና ሁኔታ የማይቀር ካላደረገው በቀር፣ እንዲህ ያለ ቁስል እንዳይፈጠር የመከላከል ግዴታ እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው ሕግ ላይ የተመሠረተው የፌደራል ደንብ ይናገራል። ስለዚህ ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገባሁ፣ የኬር ፕላን (የእንክብካቤ ዕቅድ) ስብሰባ ከአስተርጓሚ ጋር እንዲጠራልኝ ጠየቅሁ፣ ወደ ኦምቡድስማንም ደወልሁ። ኦምቡድስማን በአገራችን እንባ ጠባቂ የምንለው ነው፤ በየስቴቱ አለ፣ ክፍያም አይጠይቅም። በዚያው ሳምንት የቁስል ነርስ መጣች፣ ፍራሹም ተቀየረ። «እንግሊዝኛሽ አይገባኝም» ስትለኝ የነበረችው ኃላፊ ያን ቀን አንድም ቃል አላመለጣትም።

ምግባቸውንም ይከታተሉ፤ ቁስል ያለ ፕሮቲን አይጠግግም። እናቴ ዐቢይ ጾም ነው ብላ እንቁላልና ወተት እምቢ ስትል የንስሐ አባቷ በስልክ ፈቀዱላት፣ ከዚያ ወዲህ በላች። ቁስሉ ከዳነ ዓመት አልፎታል። አሁን ካልሲዋን ላወልቅ ስጠጋ እግሯን ራሷ ታነሣልኛለች።