የአሜሪካ የጦር ሰፈሮች መዘጋት፦ ጥያቄና መልስ

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ አሜሪካኖች በገዛ ምድራቸው ያለን ትርፍ የጦር ሰፈር መዝጋት ለምን ከበዳቸው?

መላሽ (ደሴ)፦ ሰፈሩ ለሠራዊቱ ትርፍ ቢሆንም ለአካባቢው ሕዝብ እንጀራ፣ ለእንደራሴውም የምርጫ ድምፅ ስለሆነ ነው። በ1977 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) የወጣው ሕግ ለኮንግረስ አስቀድሞ ማሳወቅንና የአካባቢ ጥናትን ስላስገደደ፣ ትልልቅ ሰፈሮችን መዝጋት ለአሥር ዓመት ያህል ቆሞ ነበር። መፍትሔው በ1988 ተገኘ፤ በ1990 ሕግም ጸና። ፔንታጎን (የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት) የሚዘጉትን ሰፈሮች ዝርዝር ያቀርባል፣ ገለልተኛ ኮሚሽን ይመረምራል፣ ፕሬዚዳንቱ እንዳለ ይቀበለዋል ወይም እንዳለ ይመልሰዋል፤ ኮንግረስ በ45 ቀናት ውስጥ ሙሉውን ካልሻረ ይጸናል። «የእኔን ብቻ አውጡልኝ» ማለት ስለማይቻል፣ እንደራሴው በአደባባይ ይጮኻል እንጂ በራሱ አካባቢ ሰፈር ላይ ለብቻው ድምፅ አይሰጥም። ይህን ብልሃት ሳያውቁ ስለ ሰፈሮች መዘጋት ማውራት ከንቱ ነው።

ጠያቂ (ወልድያ)፦ ስንት አተረፉ?

መላሽ፦ እስከ 2005 የተካሄዱት አምስት ዙሮች በዓመት 12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያድኑ ፔንታጎን ይናገራል። ልብ በሉ፤ ወጪው ይቀድማል፣ ቁጠባው ይከተላል። የ2005ቱ ዙር 21 ቢሊዮን ይፈጃል ተብሎ 35 ቢሊዮን ገደማ ፈጅቷል።

ጠያቂ (ሐይቅ)፦ በአሥመራ የነበረው የአሜሪካ የጦር ሰፈር ቃኘውም በዚሁ ኮሚሽን ተዘጋ?

መላሽ፦ በኮሚሽኑ አልተዘጋም። ኮሚሽኑ የአገር ውስጡን ብቻ ይመለከታል።

አባል (ደሴ)፦ ቃኘውን የዘጋው ደርግ ነው።

አባል (ኮምቦልቻ)፦ የለም፣ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሊለቁ ወስነው ነበር።

መላሽ፦ ሁለቱም እውነት ነው፤ ለመልቀቅ እየተዘጋጁ ሳለ ደርግ በ1977 አስወጣቸው። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ጠያቂ (ወልድያ)፦ ሰፈሩ ሲዘጋ ከተማው አይሞትም?

መላሽ፦ እንደ ቦታው ነው። በኒው ሃምፕሻየር የሚገኘው የፒስ አየር ኃይል ሰፈር በ1991 ተዘግቶ ዛሬ አውሮፕላን ማረፊያና ብዙ ሺህ ሰው የሚሠራበት የንግድ መንደር ሆኗል። ነገር ግን የእሳት ማጥፊያ አረፋ ኬሚካል ወደ ከርሰ ምድር ገብቶ ኖሮ፣ በ2014 አንድ የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ተዘጋ። በካሊፎርኒያው ፎርት ኦርድም ሰፈሩ በ1994 ተዘግቶ በዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ቢከፈትበትም፣ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ መልቀሙ ለአሥርት ዓመታት ቀጥሏል። ወጪው ይቀድማል ያልኳችሁ ይህንንም ይጨምራል።

ጠያቂ (ሐይቅ)፦ ታዲያ መዝጋቱ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?

መላሽ፦ የቱን ሰፈር፣ ለማን? ከላይ ያለውን ያንብቡ።

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦ ቀጣዩ ዙር መቼ ነው?

መላሽ፦ ኮንግረስ ሲፈቅድ። ፔንታጎን በ2017 ከይዞታው 19 በመቶው ትርፍ እንደሆነ ቢያሳውቅም አልፈቀደለትም።